የእናቴ ድምፅ በአዲሱ አዳራሽ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው መድረቅ በጀመረበት ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ። ከእኔ የባሰ የተከዳ ሰው ሞልቷል፤ አውቃለሁ። የእኔ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የተከዳሁት በገዛ እናቴ አፍ ስለሆነ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የራሴንም ጭምር።

ይሁኔ በሉኝ። ሥራዬ ልስን ነው። ግድግዳ እለስናለሁ፣ ስቱኮ እቀባለሁ፣ ቀለምም ቢሆን አያቅተኝም። ያን ጊዜ የምሠራው ቡሬ ነበር። ቡሬ ግንባታ ስለማይጠፋ እጅ ያለው ሰው ጦሙን አያድርም።

አስማማው የምለው ሰው አብሮ አደጌ ነው። ከአንድ መንደር ነው የወጣነው። ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ስንመጣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አንድ መደብ ላይ ተኝተናል። እናቴ በገበያ ቀን የምትልከው ስንቅ የሁለታችን ነበር። እኔ ስንቁን ስቆጥብ እሱ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን። ያኔ ይህን ፍቅር እለው ነበር።

ተማሪ ሳለን አንድ የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ገባን። ድራማ እንሠራለን፣ ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ቤት እንጠግናለን፣ ችግኝ እንተክላለን። የራሳችን ቤት ስላልነበረን ስብሰባችን አንድ ቀን የቀበሌ አዳራሽ፣ አንድ ቀን ዛፍ ሥር ነበር። ኋላ ከተማው መሬት ሰጠን። ብሎኬቱን ራሳችን አመረትን፣ ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ከዚያ ነገሩ ቀጥ አለ። ያለ ልስን፣ ያለ በር፣ ያለ መስኮት ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ውስጡ የፍየል ማደሪያ ሆነ።

አስማማው ሊቀ መንበር የሆነው በዚህ መሐል ነው። አንድ ቀን ቡሬ ድረስ መጥቶ የሥራ ቦታዬ አገኘኝ።

"ወንድሜ፣ ያለ አንተ ይህ ቤት ቤት አይሆንም" አለኝ። "አዳራሹን ጨርስልን። ከፊት ለፊት ለአባላት ከሚሰጡት የሱቅ ክፍሎች የማዕዘኗ ያንተ ናት። የቀለምና የግንባታ ዕቃ መሸጫ ታደርጋታለህ። ከሰው ሥር ትወጣለህ።"

የማዕዘኗ ክፍል ወደ መንገድ የምታይ ናት። የእሷ ነገር ሲነሳ ልቤ ዘለለ። እናቴ መንደር ውስጥ ብቻዋን ነው ያለችው፤ እኔ አንድ ቦታ ብረጋ አጠገቤ ላደርጋት አስብ ነበር። ቡሬ የጀመርኩትን ሥራ ለሌላ ሰው አስረክቤ ዕቃዬን ጠቅልዬ መጣሁ።

እንዲህ ደስ ያለኝ ሥራ ደግሞ ሠርቼ አላውቅም። አናጢው በር ይገጥማል፣ ኤሌክትሪሺያኑ መስመር ይዘረጋል፣ የማኅበሩ ልጆች አሸዋ ይነፋሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ግማሾቹ አካፋ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቁም። እጃቸው ውሃ ሲቋጥር ለፌስቡክ ፎቶ ያነሡታል። እሰድባቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ማታ አብረን እንበላለን።

የአዳራሹ ትልቁ ግድግዳ የሚለሰንበት ቀን ደቦ ጠራን። የአንድ ግድግዳ ልስን ጀምሮ ማቋረጥ ጥሩ አይደለም፤ መጋጠሚያው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ያስፈልግ ነበር። ጎጃም ውስጥ ደግሞ የማንም ታቦት ያልዋለበት የሥራ ቀን መምረጥ ራሱ ጣጣ ነው። በመጨረሻ ቀን ተገኘና የመንደራችን እናቶችም ጠላና ዳቦ ይዘው መጡ። እናቴ የጠላውን ጄሪካን ባጃጅ ላይ አስጭና እሷ ከኋላ በእግሯ ደረሰች። "ባጃጁ ጠላዬን ይነቀንቀው፤ እኔን ግን አይነቀንቀኝም" አለች።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲጋጋል እኔ መወጣጫው ላይ ሆኜ ስለስን አስማማው እናቴ አጠገብ ቁጭ አለ። የማኅበሩ ልጆች ጠላቸውን ይዘው ከበዋቸዋል። ስልኩን አውጥቶ እየቀረጻት ነበር። ሁላችንም ያን ቀን ስንቀርጽ ስለዋልን ነገሬ አላልኩትም።

"እማማ የሺ፣ ለምረቃው ዕለት የይሁኔን ልደት ልናከብርለት አስበናል" አላት። "ኬክ እንቆርስለታለን። መቼ ነው የወለዱት?"

"የሰው ልደት ይከበራል እንዴ ሆዴ? የጌታችን ነው እንጂ!" ብላ ሳቀች። ደስ እንዳላት ግን ከላይ ሆኜም ይታየኛል። "ይሁኔንማ የወለድኩት በቡሄ ማግስት ነው። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ከማዶ ቀርታለች። ደርግ ሲወድቅ፣ ያ ሁሉ ወታደር በመንገዱ ሲተም፣ ይኼ ድክ ድክ ይል ነበር። ወደ መንገዱ እየወጣ አሳሬን አበላኝ።"

ሰው ሳቀ። እሷም ሞቅ አላትና ጣቷን ወደ አስማማው ቀሰረች።

"አንተስ ብትሆን! እናትህ ከወሊድ ስትነሳ ታማ፣ እሱን በቀኝ አንተን በግራ አድርጌ አይደል ያጠባሁህ! በአንድ ክረምት የመጣችሁብኝ ጉዶች!"

"እማ፣ የግራው ሳይበልጥ አልቀረም፤ ይኸው ወፍሯል!" ብዬ ከላይ ጮኽኩ። በሳቅ ተንከተከቱ። አስማማውም ሳቀ፤ ስልኩንም ኪሱ ከተተ። እኔም ወደ ግድግዳዬ ዞርኩ።

ግድግዳው ያማረ ሆነ። መብራት ሲበራበት እንኳን ሞገድ የለውም። ቀለሙንም ቀባሁት። አስማማው እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ "ወንድሜ" ይለኝ ነበር፤ ምሳ ያመጣልኛል፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርጋል።

ለምረቃው ጥቂት ቀን ሲቀር ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። የመጀመሪያው ስብሰባ በራሳችን አዳራሽ! ቀለሙ ገና ይሸታል። ክፍሎቹ ለማን እንደሚሰጡ የሚወሰንበት ቀን ነበርና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ።

አስማማው ተነሣ። "ቤታችንን በደንብ እንጀምር" አለ። ከዚያ ከማኅበሩ ደንብ አንድ አንቀጽ አነበበ፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው አባል የክብር አባል ይሆናል፣ ድምፅ አይሰጥም፣ ክፍል አይወስድም። ይህን ያጸደቅነው ገና ጢማችን ሳይበቅል ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት የማቱሳላ ዕድሜ ይመስለን ነበር። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። መታወቂያችን ላይ ያለው ዕድሜ ደግሞ እንዴት እንደሚጻፍ የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም ጥቂት ክረምቶች አራግፌያለሁ፣ እሱም አራግፏል። አብረን ሄደን ነው ያወጣነው፤ በወረቀት ሁለታችንም ሠላሳ አልሞላንም።

"በዚህ መሠረት ቅር የሚለን ነገር ቢኖርም..." አለና ስልኩን ከሞንታርቦው ጋር አገናኘው።

የእናቴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። "ይሁኔንማ የወለድኩት በቡሄ ማግስት ነው..." ሳቋ፣ ወንዙ፣ አዋላጇ፣ ደርግ፣ ድክ ድክ ማለቴ። ድምፁ እኔ የለሰንኩት ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመለሳል። "አሳሬን አበላኝ" ስትል ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፤ ሐፍረት ነበር። እናቴን ሳትለብስ አደባባይ ያወጧት መሰለኝ።

"ቀጥል" አልኩት። "ከዚያ በኋላ ያለችውን አሰማቸው።"

"እዚህ ላይ ነው ያለቀው።"

ወደ ሰዉ ዞርኩ። "እናንተ ነበራችሁ። ጠላዋን ይዛችሁ ከብባችሁ ስትስቁ ነበር። ቀጥላ ምን አለች?"

አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ አዲሱን አምፖል ያያል። እናቴ በእጇ ዳቦ ያጎረሰቻት አንዲት ልጅ "እኔ ያኔ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር" አለች። አልሄደችም። ከኋላ አንድ ሰው "የእናት ቃል ከመታወቂያ ይበልጣል" አለ፤ ተስማሙ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚባለው በአንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ በጅምላም ይነክሳሉ።

የክብር አባል ተደረግኩ። አጨበጨቡልኝም።

አስማማውን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። "ምን በደልኩህ?" አልኩት።

"ይሁኔ፣ ነገሩን እንዲህ አታክርረው። ደንብ ነው" አለኝ። ዓይኔን አላየም። በማግስቱ ዕቃዬን ለመውሰድ ስመለስ የአስማማው እጮኛ ወንድም የማዕዘኗ ክፍል ውስጥ ቆሞ ለመደርደሪያ ሲለካ አገኘሁት። ልጁ ማኅበሩ ውስጥ ከገባ ዓመት አልሞላውም፤ በዚያ ግንባታ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ሲያነሣ አላየሁትም። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ከዚያው ቀጥታ ወደ መንደር ሄድኩ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴን ይዤ መጥቼ ያን የተቆረጠውን ቃል በራሷ አፍ ማሰማት። የእናት ቃል ከመታወቂያ ይበልጣል ያሉት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ለእኔ ከሠራ ለእሱም ይሥራ!

ስደርስ ነጠላዋን አጥባ ታሰጣለች።

"መጣህ ሆዴ? ልደቱ መቼ ሆነ?" አለችኝ። "ለኬክ እንቁላል ይበዛበታል ብለውኝ አጠራቅሜያለሁ።" ወደ ጓዳ ይዛኝ ገባችና ጤፍ ውስጥ የቀበረቻቸውን እንቁላሎች አንድ በአንድ እያወጣች አሳየችኝ።

እንዴት ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"በእኔ ድምፅ?"

"በአንቺ ድምፅ።"

እንቁላሎቹን መልሳ ጤፉ ውስጥ ከተተቻቸው። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ለመንኳት። "ነይና የቀረውን ተናገሪ። አንድ ቃል ናት። እሱንም አጥብቼዋለሁ፣ በአንድ ክረምት ነው የተወለዱት በያቸው" አልኳት። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

"ያን ጊዜ የተናገርኩት ልጆቼን ሳሞግስ ነው" አለችኝ። "አሁን ሄጄ ብናገር ግን ልከስ ነው። ጡት ሰጥቶ መቁጠር ነውር ነው፣ ይሁኔ። ያጠባሁትን ልጅ ሰው ፊት አቁሜ ጡቴን ጠብተሃል ልበለው?"

"እሱ እኮ አላፈረም!"

"እሱ ካላፈረ እኔ አፍርለታለሁ።"

ተናደድኩባት። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከእሱ ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። ያቀረበችልኝን ሳልቀምስ ወጣሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን ስጮኽ ያዩኝ ሰዎች አብዷል ሳይሉ አልቀሩም።

አዳራሹ ያለ እኔ ተመረቀ። እኔ ቡሬ ተመልሼ እንደገና ከሰው ሥር ጀመርኩ። አሁን ሥራዬ ደህና ነው፣ አልራበኝም። እናቴን ወደ ከተማ ላምጣሽ ስላት ግን "የከተማ ሰው ወሬ ይቀርጻል" ትለኛለች፤ አትመጣም። አስማማው ከሠርጉ በፊት ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ለሽማግሌ እምቢ አይባልምና ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። ያልኩት በአፌ ነው። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ግድግዳዬም እስካሁን አልተሰነጠቀም ይሉኛል።

የማዕዘኗን ክፍል ትቼለታለሁ፤ ይብላት። የቆጨኝ ሌላ ነው።

የመንደራችን ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ ዕድሜውን የሚጠይቀው እናቴን ነበር። የማን ልጅ በየትኛው የጎርፍ ዓመት፣ የማን ልጅ አንበጣ በመጣበት ሰሞን እንደተወለደ ሁሉንም ትዘረዝራለች። ዓይኗ እየበራ ነው የምታወራው፤ አንዱን ጠይቀዋት አራቱን ትነግራለች። ባለፈው እንቁጣጣሽ ልጠይቃት ሄጄ ሳለ አንዲት ጎረቤት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሊመዘገብ ነው፤ መቼ እንደተወለደ ማወቅ ፈልጋለች። እናቴ ያን ልጅ ራሷ ናት የተቀበለችው፤ እትብቱን የቆረጠችው እሷ ናት።

"እኔ ምኑን አውቄ እቴ" አለቻት። "ተወለደ፣ አደገ፤ ሌላ አላውቅም።"

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ሄደች። እናቴም ምንም እንዳልሆነ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ወደ እኔ ግን አልዞረችም። ያን ጊዜ ለሽማግሌዎቹ ያልኩት ይቅርታ ውሸት እንደነበር ለራሴ ነገርኩት። ይህን ይቅር አላልኩም፤ የምል አይመስለኝምም።