የጋሽ ዊልፍሬድ ትርፍ ኪሎ

ጋሽ ዊልፍሬድ ለሦስት ቀን ሽርሽር የሚጭኑት የጣሳ ቦሎቄ የዮርክሻየርን ሕዝብ በሙሉ ይቀልባል። ዘንድሮም ወደ ባሕሩ ከመውረዳቸው በፊት ተጎታች ቤታቸውን ድንጋይ ካባው ጋ ባለው የመኪና ሚዛን ላይ አወጡት።

«አሥራ ሁለት ኪሎ ትርፍ! ምን ጭነው ነው ጋሼ፣ የከተማውን ካቴድራል?» አለች መዛኟ ሞሪን። «ካላራገፉ ትራፊክ ይመልስዎታል።»

ገብታ ስታይ ሁለት ታጣፊ ወንበር፣ ሁለት ጥንድ ቦት ጫማና ሁለት ኩባያ ተሰድሯል። ባለቤታቸው ኤድና ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል።

«አንዱን ወንበር ብናወርደውስ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ወንበሩን እንዳትነኪ!» ጋሽ ዊልፍሬድ የቦሎቄውን ካርቶን እየጎተቱ አወረዱላት። «ይኼን ውሰጂው። ኤድና ድሮም አትወደውም ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ሊበሉ ነው?»

«ዓሣና ድንች እንገዛለን» አሉ።