ቱምቢዬ ሱሉልታ የቀረበት ጉዞ

ሰኞ ማለዳ፣ ከሰበታ ስነሳ

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ከቤቴ ወጣሁ። የያዝኩት አንድ ከረጢት ነው። ውስጡ ቱምቢዬ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ የባለቤቴ እንዝርት፣ ዳቦ ቆሎና ሁለት ደብዳቤ አለ። ቱምቢ ማለት እኛ ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የምናይበት፣ በሲባጎ የሚንጠለጠል ሹል ብረት ነው። የእኔ ናስ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ሲሞት "ለወልዴ ስጡልኝ" ብሎ ተናዞልኛል። አርባ ዓመት ከእጄ አልወጣም።

የጉዞዬ ምክንያት እንዲህ ነው። ከገና በፊት የሰበታ ትምህርት ቤት ግድግዳ ተሰንጥቆ ልጠግን ሄጄ ነበር። መስኮቱ ሥር ቆሜ ስለስን፣ መምህር ታደሰ የሚባለው ልጅ አራተኛ ክፍልን ያስተምራል። ልጆቹ ባንድ ድምፅ "ተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ማለት በአንድ ነገር ዙሪያ የሚዞር ነው! ተወዛዋዥ እንቅስቃሴ ማለት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው!" ይላሉ። ጥሩ። መምህሩ "እስቲ አንድ የሚሽከረከር ነገር ንገሩኝ" ሲል ግን ጸጥ አሉ። እናቷ ቀን ከሌት ጥጥ የምትፈትል ልጅ እዚያው ተቀምጣለች፤ እንዝርት ትዝ አላላትም።

ሳቅሁ። መምህሩ ሰማኝ።

"አባባ፣ ምን ያስቅዎታል?"

"ቃሉን ውጠውታል፤ ነገሩን ግን አላዩትም።"

"እንግዲያው አንቱ ያሳዩአቸዋ!"

እኔ ነገረኛ ነኝ፤ ና ከተባልኩ አልቀርም። እጄን ታጥቤ ገባሁ። እንዝርት አስመጥቼ አሾርኩ። ቱምቢዬን ከጣራው ማገር ላይ ሰቅዬ አወዛወዝኩ። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ግማሹ እየተሽከረከረ፣ ግማሹ እንደ ቱምቢ እየተወዛወዘ ወጣ። ታደሰ ደስ አለው። ጓደኞቹ ቡራዩና ሱሉልታ ያስተምራሉና "እባክዎ እዚያም ይሂዱልን" ብሎ ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ።

በዚያን ቀን ከራሴ አንድ ቃል ጨምሬ ነበር። "ልጆች፣ ከባድ ቱምቢ ወዲያ ሄዶ ቶሎ ይመለሳል፤ ቀላሉ ይዘገያል" አልኩ። ልጆቹ ጻፉት። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ የጉዞው ጣጣ ከዚህ ነው የመጣው።

ከሰበታ አዲስ አበባ አውቶቡስ ስሙኒ ከፈልኩ። ወጨጫ ተራራ በስተግራ ቀርቶ፣ ሰማዩ እየቀላ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አጠገቤ ሁለት ዶሮ የታቀፈች ሴት ተቀምጣለች።

"አባባ፣ ከረጢትዎ ወጋኝ። ምን አለበት?"

"ትምህርት ነው" አልኳት።

"እንዲህ የሚወጋ ከሆነ ልጄ መሸሹ እውነቱን ነው" ብላ ዶሮዎቿን ወደ ማዶ አዛወረች።

ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ቡራዩ

ከመርካቶ ወደ አምቦ በሚሄድ መኪና ቡራዩ ወረድኩ፤ ሌላ ስሙኒ። ቡራዩን አውቀዋለሁ። ጥቁር ድንጋዩ ጠንካራ ነው፤ ለመሠረት ስንት ጊዜ ከዚህ አስጭኛለሁ። ድንጋይ የሚፈልጡት ሰዎች ዛሬም ከመንገዱ ዳር መዶሻቸውን ያጮኻሉ። አንዱ አወቀኝና በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ "አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ ወልዴ! ድንጋይ ፈልገው ነው?" አለኝ። "ነጋ፣ ደህና ነኝ። ዛሬስ ልጆች ፈልጌ ነው" ብዬ አለፍኩ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ኦቦ ቶላ የሚባል ባለጋሪ ፈረሱን አሳርፎ ቆሟል። ጋሪውን አየሁት፤ አሳብ መጣልኝ።

"ኦቦ ቶላ፣ ጋሪህን ገልብጥልኝ።"

"አብደሃል? ጋሪ የሚገለበጠው ጠላት ላይ ነው።"

"ልጆች ይማሩበታል።"

"ፈረሱም ይማር?"

"ፈረሱ ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ሲጎትተው!"

ሳቀና ፈረሱን ፈታ። ጋሪውን በጀርባው አስተኛነው፤ ጎማው ወደ ሰማይ ቀረ። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች ከበቡን። በኖራ ሁለት ነጥብ አደረግሁ፤ አንዱን ጎማው ጠርዝ ላይ፣ አንዱን እንብርቱ አጠገብ።

"ጎማውን ሳዞረው ዙሩን ቀድሞ የሚጨርስ የትኛው ነጥብ ነው?"

ልጆቹ ሁሉ "የጠርዙ! የጠርዙ ነው የሚሮጠው!" ብለው ጮኹ። ቶላም "የጠርዙ" አለ።

ቀስ ብዬ አዞርኩት። ሁለቱ ነጥብ እኩል ተነሡ፤ እኩል ተመለሱ። ደግሜ አዞርኩት፤ ያው ነው።

"የጠርዙ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ የእንብርቱ ጥቂት። ዙራቸው ግን አንድ ነው። የሚሽከረከር ነገር እንዲህ ነው" አልኩ።

ቶላ ጎማውን ራሱ አዞረው፤ እንደገና አዞረው። "ሃያ ዓመት ላዩ ላይ ተቀምጬ!" አለ። እኔ በዚህ ኮራሁ። በሆዴም "ሃያ ዓመት በጋሪ ተቀምጦ ጎማውን ያላየ ሰው!" ብዬ ታዘብኩት። ይህንንም ያዙልኝ።

ከዚያ ቱምቢዬን አወዛወዝኩና "ከባዱ ቶሎ ይመለሳል" አልኩ። የቡራዩ ልጆችም ጻፉ። ማታ ቶላ ቤት ትኩስ የባቄላ ንፍሮ በልቼ አደርኩ።

ማክሰኞ፣ ወደ ሱሉልታ

ጠዋት አዲስ አበባ ተመልሼ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታውን አውቶቡስ ያዝኩ። ሰላሳ ሳንቲም አስከፈሉኝ፤ ዳገቱን ሳይ አልበዛም አልኩ። ሞተሩ እንደ ታመመ በሬ እያቃሰተ ባሕር ዛፉን አቋርጦ ወጣ። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ይዘው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ከአናቱ ላይ ሱሉልታ ተዘረጋች፤ ሜዳው ቢጫ ነው፤ ድርቆሽ እየታጨደ ተከምሯል። ወርጄ አንድ ብርጭቆ ወተት በአሥር ሳንቲም ጠጣሁ። እንዲህ ያለ ወተት ሰበታ የለም፤ አልዋሽም።

መምህርቷ ወይዘሪት አልማዝ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ናት። ደብዳቤውን አንብባ እጅ ነሳችኝ። እንዝርቱን አሾርኩ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ቱምቢዬን አወጣሁ። "ከባድ ሲሆን ቶሎ ይመለሳል፤ ቀላል ሲሆን ይዘገያል" አልኩ።

ከኋላ አንዲት ልጅ "አይደለም" አለች።

ወይዘሪት አልማዝ ፊቷ ቀላ፤ "ጫልቱ! ተቀመጪ!" አለቻት። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። ዕድሜዋ አሥር ቢሆን ነው። ጸጉሯ ሹሩባ ነው፤ ዓይኗ አይሰበርም።

"ምን አይደለም?" አልኳት።

"ዛፋችን ላይ ዥዋዥዌ አለን። አክስቴ ወፍራም ናት፤ እኔ ቀጭን ነኝ። ዥዋዥዌው ሁለታችንንም እኩል ነው የሚመልሰን። እኔ ቆጥሬዋለሁ።"

"አርባ ዓመት ቱምቢ ይዣለሁ፤ አንቺ ዥዋዥዌ ታመጪብኛለሽ?"

"በንጉሥ አምላክ! እወራረዳለሁ!" አለች።

ላላወቀ ሰው ልንገር። በአገራችን "በንጉሥ አምላክ" ከተባለ ቀልድ የለም፤ ተከራካሪ ይቆማል። ከዚያ መጀመሪያ የመጣውን አላፊ ሰው ዳኛ ያደርጋል፤ ዳኛ የተባለውም እምቢ አይልም። ልጅቷ ይህን ከአባቶቿ አይታለች። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አላውቅም።

"ምን ታስይዣለሽ?"

"የመክሰሴን ጭኮ።"

"እኔ ቱምቢዬን" አልኩ።

አልማዝ "ኧረ አባባ፣ ልጅ ናት፣ ይተዉት!" ብላ ክንዴን ያዘች። አልተውኩም። እንዴት እተዋለሁ? የተናገርኩትን በሁለት ከተማ ልጆች ጽፈውታል። ብሸነፍ የምቀጣው በቱምቢዬ ብቻ አይደለም።

ወደ መንገዱ ወጥተን አላፊ ጠበቅን። አራት አህያ ድርቆሽ ጭኖ የሚነዳ ሽበታም ሰው መጣ። "ሽበት ለሽበት ያዳላል" ብዬ ደስ አለኝ። ኦቦ ደበላ ይባላል።

"ዳኛ ነህ" አልነው።

"አህዮቼስ?"

"አህዮችህም ይዩ" አለችው ጫልቱ። ራሱን እየነቀነቀ ገባ።

ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የእንጨት ጎል አለ። ከአግዳሚው ላይ ሁለት ሲባጎ አሰርን። ርዝመቱን ራሴ ለካሁ፤ ግንበኛ ነኝ፣ በልክ አላጭበረብርም። በአንዱ ናስ ቱምቢዬን፣ በሌላው የዶሮ እንቁላል የማታህል ጠጠር አንጠለጠልኩ። አልማዝ ሁለቱን በአንድ ሳንቃ ገፍታ ያዘች፤ ሳንቃውን ሳበች።

ሄዱ። ተመለሱ። እኩል። ሄዱ፤ ተመለሱ። እንደ ተጠመደ ጥንድ በሬ አንዱ ከሌላው አይቀድምም።

"ነፋስ ነው" አልኩ። ደገምን። እኩል። "ሲባጎው ነው" ብዬ ቦታቸውን ለዋወጥኩ። እኩል። በሦስተኛው ጠጠሯ እየደከመች መጣች፤ ውዝዋዜዋ አጠረ።

"ይኸው! ይኸው ደከመች!" ብዬ ጮኽኩ።

ኦቦ ደበላ ምርኩዙን መሬት መታ። "ውርርዱ ማን ቶሎ ይመለሳል ነው እንጂ ማን ቶሎ ይደክማል አይደለም። ብትደክምም አብራው ትመለሳለች። ሽማግሌው፣ ልጅቷ ረታችህ።"

ጫልቱ አላቆመችም። የቱምቢዬን ሲባጎ በግማሽ አሳጥራ አሰረችና ለቀቀችው። ቱምቢው ቶሎ ቶሎ መመላለስ ጀመረ። "በክብደቱ አይደለም፤ በገመዱ ነው" አለች።

ያን ጊዜ ስህተቴ ገባኝ። ነፋስ ባለበት ቀን ቀላል ቱምቢ አያርፍም፤ ከባዱ ቶሎ ይቆማል። እኔ ቶሎ መቆሙን ቶሎ መመለስ አድርጌ ያዝኩት። የግንበኛ ሥራ ቱምቢ ማስቆም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በጣቴ አቆምኩት እንጂ አንድ ቀን ሲወዛወዝ ቆሜ አላየሁትም። ቶላን ስታዘብ!

አልማዝ አንገቷን ደፍታ "መጽሐፉም እንደ ጫልቱ ነው የሚለው" አለች።

"ታውቂ ኖሮ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቱን ማሳፈር ከብዶኝ።"

ጫልቱ ጭኮዋን ሦስት ቦታ ቆረሰችው፤ ለዳኛው፣ ለእኔ፣ ለራሷ። ገብሱና ቅቤው አፍ ላይ ይቀልጣል። ቱምቢዬን ከአግዳሚው ፈትቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ከበዳት፤ በደረቷ ያዘችው። ከዚያ ዓይኔን አየችና "አባባ፣ ይውሰዱት። ቤት በምን ይሠራሉ?" አለችኝ።

"በንጉሥ አምላክ ተብሎ የተያዘ አይመለስም። ብቻ አንድ ነገር ልለምንሽ። ክፍላችሁ ውስጥ ስቀይው፤ ሳጥን ውስጥ እንዳትደብቂው። ይወዛወዝ።"

"እሺ" አለች። ኦቦ ደበላ አፉን ጠርጎ ወደ አህዮቹ ሮጠ፤ ሁለቱ የሰው አጥር እየበሉ ነበር።

ረቡዕ፣ እንደገና ቡራዩ

የአልማዝ አጎት ቤት አድሬ በቀጥታ ወደ ሰበታ መግባት እችል ነበር። ሰው ሁሉ "አባባ ደክመዋል፣ ይሂዱ ቤትዎ" አለኝ። እኔ ግን ቡራዩ ወረድኩ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሲሰማ ተጨነቀ፤ "ለልጆቹ እኔ በሌላ ቀን አስተካክልላቸዋለሁ፤ አንቱ ፊታቸው አይዋረዱ" አለኝ።

"የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ጠማማ ግንብ አፍርሼ አውቃለሁ" አልኩት።

ልጆቹ ፊት ቆሜ ሁለት ጠጠር፣ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ፣ አወዛወዝኩ። "ሰኞ የነገርኳችሁ ስህተት ነው። ደብተራችሁን አውጡና ሰርዙት። ሱሉልታ ያለች ጫልቱ የምትባል ልጅ ረትታኛለች፤ እሷንም ጻፉ።" መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ሁሉም ጠጠር ፍለጋ ሮጡ። ቶላ በሩ ላይ ቆሞ "አንተም እንደ እኔ ሃያ ዓመት?" አለኝ።

"አርባ" አልኩት። ሳቁ እስከ ድንጋይ ፈላጮቹ ተሰማ።

ሐሙስ፣ ሰበታ

ረቡዕ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ታደሰ ዘንድ ነው። "ታውቅ ነበር?" አልኩት። አንገቱን ደፋ። ያውቅ ነበር።

"ልጄ፣ አንተ እኔን አከበርክ፤ ልጆቹ ግን ሐሰት ጻፉ። ሁለተኛ እንዲህ አታክብረኝ" አልኩት። ክፍል ገብቼ የሰበታ ልጆችንም አሰረዝኩ። ከዚያ ታደሰ ይህን ጉዞ እንድጽፍ ወረቀት ሰጠኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ነው ለሥራ የወጣሁት። ቀስ እያልኩ ጻፍኩት።

ባለቤቴ ከረጢቱን ስታራግፍ እንዝርቷን አገኘች፤ ሌላውን ፈለገች።

"ቱምቢህስ?"

"ትምህርት ቤት ገባ።"

አየችኝና እንዝርቷን አሹራ ጥጧን መፍተል ጀመረች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልናገር። ያየሁትን ነገር ሁሉ አውቀዋለሁ እል ነበር፤ ለካ የማውቀው ለሥራዬ የሚያስፈልገኝን ያህሉን ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ ሥራ የላትም፤ ቆማ ታያለች፤ ትቆጥራለች። ሽማግሌ ሲሳሳት ዝም የሚል ሰው አክባሪ አይደለም፤ "አይደለም" ያለችኝ እሷ ናት ያከበረችኝ።

ዓርብ ጠዋት የጎረቤቴን ግንብ ልጀምር ወጣሁ። ቡራዩ ልጆቹ ፊት ያወዛወዝኩትን ትልቁን ጠጠር በሲባጎ አስሬ ከማዕዘኑ አንጠለጠልኩ። ተወዛወዘ። ጣቴ እንደ ልማዷ ልታቆመው ተዘረጋች፤ መለስኳት። ሄደ፣ መጣ። ሄደ፣ መጣ። በራሱ ጊዜ እስኪያርፍ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ድንጋይ አኖርኩ።