የመስመሩ ቀኝ ጫፍ

መጀመሪያ የጠፋኝ የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ነበር። ከሚሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ፤ ከሥራ መልስ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የአንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አነብ ነበር። አንዱ ዐረፍተ ነገሩ ግማሽ ገጽ ይወስዳል። መጀመሪያ ሳነበው አይገባኝም፤ ስደግመው እናደዳለሁ፤ ተመላልሼ ስይዘው ግን ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ በቀስታ የሚያስብ ይመስለኛል። ለዚያች ደቂቃ ስል ነው ሁለት ዓመት ያልለቀቅኩት።

ስለዚህ ቃላቱ ሲጎድሉብኝ አልደነገጥኩም። ራሴን ያመኝ ነበር፤ የቦርከና ሸለቆ ሙቀት ነው አልኩ። ፊደሎቹ ጭረት ብቻ ሲሆኑብኝም ፈላስፋውን ወቀስኩ። ባለቤቴ ዘሀራ ግን የሰፈራችንን መድኃኒት ቤት ታፔላ ማንበብ ሲያቅተኝ አይታ ደሴ ወሰደችኝ።

ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ሐኪሙ ወረቀት ሰጠኝ። ስሜንና የምኖርበትን ከተማ እንድጽፍ ጠየቀኝ። ጻፍኩ። እንዳነብለት ጠየቀኝ። አየሁት። የእጄ ጽሑፍ ነው። ማንበብ አልቻልኩም።

"ዐይንዎ ደህና ነው" አለኝ። "ስትሮክ ነው። ለማንበብ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ደም አጥቷል።"

የደም ግፊት እንዳለብኝ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ዘሀራ ይመለስለታል ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ ጥቂቱ ሊመለስ እንደሚችል፣ እንደ ቀድሞው ይሆናል ብላ ግን እንዳትጠብቅ ነገራት። "ረቢ ቤካ" አለች በኦሮምኛ፤ አላህ ያውቃል ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት መድኃኒት በመዋጥ፣ ጨው በመተው፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ መዳፌ ላይ እየሳልኩ፣ ዐይኔ የማያውቀውን እጄ እየነገረኝ፣ እንደ ሕፃን ሀ ብዬ በመጀመር አለፉ። ዛሬ የሱቅ ስምና የልጄን የፈተና ውጤት አነባለሁ፤ አንድ አንቀጽ ግን ረፋዱን ሙሉ ይፈጅብኛል፣ በቀኝ በኩል የጠፋው እይታዬም እንደጠፋ ቀርቷል። ማስተማሩን ተውኩ። ባለፈው ክትትል ሐኪሙ "የሚመለሰው ተመልሷል" አለኝ።

ዘሀራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በተማረችው እንግሊዝኛ፣ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፈላስፋውን ታነብልኛለች። አንድ ቀን "ይቅርብሽ፣ ለማይገባሽ ነገር አትድከሚ" አልኳት።

"አይገባኝም" አለች። "ስታዳምጥ ግን ፊትህ የድሮውን ይመስላል።"

ፈላስፋው ግን በጆሮ አይያዝም። ዐረፍተ ነገሩ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲያዩት ይፈልጋል፤ እሷ ሳትጨርሰው መጀመሪያው ያመልጠኛል። ይህን አልነገርኳትም።

አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሁ። ምስጋናዬ እውነቱን ላልደበቀኝ ሐኪምና ለዘሀራ ነው። እናንተ ግን ቃል ሲጎድልባችሁ በመጽሐፉ ክብደት አታመካኙ፤ ግፊታችሁን ተለኩ፣ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስታማሚ የሆናችሁም፣ ሕመምተኛችሁ የሚወደውን አንብቡለት። ባይገባችሁም አንብቡለት። ገብቶት እንደሆነ ግን አትጠይቁት።