ነጩና ቀዩ ምልክት

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከቡሹሎ ከሥራ ተመልሼ መኪናዋን ወደ ግቢ ሳስገባ አባቴ የብረት በሩን ይዘው ቆመው ነበር። ሞተሩን እስካጠፋ እንኳ አልጠበቁም።

«ተመዝግቤ መጣሁ» አሉኝ በመስኮቱ በኩል።

«የት?»

«ውድድሩ ላይ ነዋ! ሦስት እሑድ ቀርቶታል። በዚችው ነው የምገባው።» ጣሪያዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ውድድሩን የሚያዘጋጁት የከተማው ሾፌሮችና መካኒኮች ነበሩ። ሣር ለበስ በሆነው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ በርሜሎች ይደረደራሉ፤ መኪኖች አንድ በአንድ እየገቡ በበርሜሎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ሁለት ዙር ይሮጣሉ፤ አንድ የስፖርት ኮሚቴ ሰው ሰዓት ይይዛል። እንደ ጭነት መኪና ሥርዓት እያንዳንዱ ሾፌር ረዳት ይዞ ይገባል። ሽልማቱ ፔርሙዝ ነው። አባቴ ራሳቸውን ሾፌር፣ እኔን ረዳት ብለው አስመዝግበዋል።

ለምን እንደደነገጥኩ ለማስረዳት ስለ አባቴ ዓይን መናገር አለብኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት በአሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ትንሿን መኪና ራሳቸው ይነዷት ነበር። ከዚያ ሐሙስ ስድስት ወር በፊት ግን ቁልፉን ሰጡኝ። «እጄን ያመኛል፤ አንቺም መልመድ አለብሽ» አሉ። ያ የሚያማቸው እጅ ሙሉ የናፍጣ ጀሪካን ያነሳ ነበር። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ያሳርፉና ሙቀቱ ሲነካቸው ያቆማሉ። መንገድ ላይ ሰው እጁን ሲያነሳላቸው ድምፁን እስኪሰሙ ዝም ይላሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ እንደማውቅ ግን እሳቸው አያውቁም። ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ጆሯቸው ሌላ ነገር ነው። ከቤት ሆነው በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ይለያሉ። «ተሳቢው ባዶ ነው» ይላሉ ቀና ሳይሉ፤ ወጥቼ ሳይ ባዶ ይሆናል።

መኪናዋ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ በናፍጣ የምትሠራ ትንሽ የቤት መኪና ነበረች። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ባለሙያ ነው የተገዛችው። በዚያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ናፍጣ መሆኗን አባቴ እንደ ትልቅ ዘዴ ይቆጥሩት ነበር። ድምጿ ግን ከቁመቷ ጋር አይሄድም። ቤታችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው፤ ጎረቤታችን ስገባና ስወጣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፦

«ወፍጮዋ መጣች! ዛሬ ስንት ኩንታል ፈጨሽ?» ትለኛለች።

እኔ ፈገግ ብዬ አንገቴን እደፋ ነበር። ዩኒቨርሲቲም አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ኬሚስትሪ ተመርቄ በቡሹሎ በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ተመድቤአለሁ። መንገዱ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ነው፤ በበጋ አቧራ ነው። ያለ መኪና በሰዓቱ መድረስ አይታሰብም። መለዋወጫ ደግሞ በአገር የለም። አንድ ነገር ከተሰበረ ተሰበረ ማለት ነው።

በማግስቱ አባቴ ወደ ምሥራቅ ጋራዥ ይዘውኝ ሄዱ። መካኒኩ የአባቴ የቀድሞ ረዳት ነው። ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው ሠርቷል፤ እስከዚያን ቀን ድረስ «አለቃ» ነው የሚላቸው። መኪናዋን ዞሮ አያት።

«አለቃ፣ ይቺ እኮ መርፌ ነው የምታክለው።»

«መርፌ ናት መበሳት የምታውቀው። ሥራ!»

የኋላው ወንበር ወጣ። ትርፍ ጎማው ወጣ። በማዞሪያ ላይ እንዳታዘነብል ከከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በሞላዎቹ መሀል ተሰካ። ጠባቡ የጭስ ማውጫ በሰፋ ቱቦ ተለወጠ። የቀረው ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ነበር። ከጀርባው አንዲት ብሎን አለች፤ ስትጠብቅ ናፍጣው ይጨምራል፣ መኪናዋም ጉልበት ታገኛለች። ከልክ ካለፈ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ሞተሩ ይግላል፤ ከቆየ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ነበር መናገር የቻልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ በየቀኑ ሥራ እገባባታለሁ። ለውድድሩ የሚሆን ሌላ፣ ለሥራ የሚሆን ሌላ ልክ ሊኖራት አይችልም?»

መካኒኩ ሳቀ። «በአንድ ድስት ሽሮም ዶሮም ልትሠሪ ነው?»

«አዎ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ልክ ናት» አሉ አባቴ። «ምልክት ይደረግበት።»

ብሎኗ በነበረችበት ቦታ ላይ መካኒኩ በነጭ ቀለም ነጥብ አደረገ፤ ይህ የሥራ ቀን ምልክት ነው። ለውድድሩ ቀን ቀይ ቀለም አልነበረውም። እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ፣ አንድም ቀን ያልከፈትኩት ቀይ የጥፍር ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠሁት። «ለዚህ ነው የገዛሽው?» አለኝ።

ቀዩ ምልክት የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ መካኒኩ እኛ ቤት መጣ። አሠራራቸው የድሮ ነው። ነጭ አቡጀዲ ጨርቅ ከጭስ ማውጫው በስተኋላ ይያዛል፣ ነዳጁ ይረገጣል፣ ከዚያ ጨርቁ ይታያል። መካኒኩ ብሎኗን በትንሽ በትንሹ ያዞራል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ሾፌሩ ነው። ግራጫ ከሆነ ይጨመራል፣ ከጠቆረ ይመለሳል። የመንገድ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ እረግጣለሁ። ሦስት ጊዜ ተጨመረ። በአራተኛው ጨርቁ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ፤ በመስተዋቱ ውስጥ አየሁት። አባቴ ጨርቁን ወደ ፊታቸው አስጠጉ፣ ትንሽ አዘነበሉት።

«ገና ግራጫ ነው። ጨምር» አሉ።

መካኒኩ እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጨመረ፤ በቦታውም ላይ ቀዩን ቀለም ቀባበት።

«ርገጪ!» አሉ አባቴ።

ረገጥኩ። የወጣው ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤታችን ያሰጣችው ልብስ ላይ ተኛ።

«ኧረ ወፍጮው ተቃጠለ!» ስትል ሰማኋት። «ነጠላዬን አጥቁራችሁ ሐዘንተኛ ልታደርጉኝ ነው?»

«ነፋሱ ነው» አሉ አባቴ፣ ጨርቁን እያጠፉ። «ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ነው።»

መካኒኩን እስከ በሩ ሸኘሁት።

«ጋሼ፣ ጥቁር ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጨመሩ?»

«አለቃ ጨምር ካሉ እጨምራለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ነው የኖርነው።»

«ገደል ቢሆንስ?»

«ገደል ከሆነ አብረን ነበር የምንገባው።» ትንሽ ቆመና ቁልፎቹን በእጁ አንሿሿ። «አሁን ግን አጠገባቸው የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እኔ ልነግራቸው አልችልም።»

ሰኞ ከላቦራቶሪው ጠርዛቸው የተጎዳ፣ ለሥራ የማይሆኑ የማጣሪያ ወረቀቶች ኃላፊውን አስፈቅጄ ወሰድኩ። በየምሳ ሰዓቱ ብሎኗን ወደ ሌላ ቦታ አዞርና ወረቀቱን ከጭሱ ፊት እስከ አሥር ቆጥሬ እይዛለሁ። አምስት ወረቀት ቁጥር ጽፌ አዘጋጀሁ፤ የመጀመሪያው ነጣ ያለ፣ የመጨረሻው ከሰል ነው። ማታ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ለአባቴ ላሳያቸው አሰብኩ። እንዲያዩት ነበር ወይስ ማየት አለመቻላቸውን እንዲያውቁ? አሁንም በእርግጠኝነት አላውቅም። ደረደርኳቸው። አባቴ ራት ጨርሰው ሲነሱ ክንዳቸው ሁለቱን ከጠረጴዛው ጣላቸው። አላስተዋሉም። ከወለሉ አንሥቼ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኳቸው።

ከቀዩ ምልክት ግን ብሎኗን በራሴ ፈቃድ ትንሽ መለስኳት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑዱ ደረሰ። ሜዳው ዳር ሰው በሁለት ረድፍ ተቀምጧል፤ ሕፃናት፣ ሴቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሜዳው አንወርድም ብለው ውድድሩ ግማሽ ሰዓት ዘገየ። ሰዓት ያዡ «እነዚህን ጓዶች የሚያነሳልኝ ይጥፋ?» እያለ ሰውን ያስቃል። ሰዉ ከበርሜሎቹ የራቀው ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው። እኔ የማየው እሱን ነበር፣ ያንን ሃያ እርምጃ።

ሞተር ማሞቅ የረዳት ሥራ ነው። ስለዚህ መሪው ላይ ተቀምጬ አሞቅኳት። ቁጥራችን ሲጠራ ረዳቱ ይወርዳል፣ ሾፌሩ ይገባል። ተጠራን። አባቴ በሩ አጠገብ ቆሙ። አልወረድኩም።

«ውረጂ እንጂ።»

ለሁለት ሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«አባባ፣ በርሜሎቹ ስንት ናቸው?»

ወደ ሜዳው ዞሩ። ከኋላችን ያለው የጂፕ ሾፌር ክላክስ አደረገ።

«አራት» አሉ።

«ስድስት ናቸው።»

ፊታቸውን አላየሁም፤ ማየት ስላልፈለግሁ መሪውን ነበር የማየው። ከዚያ እጃቸው ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ኮፈኑን እየዳሰሱ በፊት በኩል ዞሩና በረዳት በር ገብተው ተቀመጡ።

«ኧረ ሾፌሩ ረዳት ሆነ!» አለ አንድ ሰው ከሰዉ መሀል። ሳቅ ሆነ። «ሴትዮዋ ልትነዳቸው ነው!»

አባቴ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «ደህና ሾፌር ቀጥሬ ነዋ! አንተን ማን ይቀጥርሃል?»

ሳቁ ወደ ሰውዬው ዞረ። አባቴ መስኮቱን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በርሜሉን አንቺ ንገሪኝ፣ ማርሹን እኔ እነግርሻለሁ» አሉ።

ባንዲራው ወደቀ። «በርሜል በቀኝ!» እላለሁ፤ «ሁለተኛ!» ይላሉ። «አለፈ!» እላለሁ፤ «ስሚያት፣ ገና ናት፣ ገና... አሁን ሦስተኛ!» ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አራተኛው በርሜል ላይ የኋላ ጎማ ሣሩን ለቆ ተንሸራተተ፤ «አትርገጪ፣ ፍሬን አትርገጪ፣ ነዳጅ ስጪያት!» አሉ። ሰጠኋት፤ ተስተካከለች። ሰዉ የነበረበት ዳር በጎናችን አለፈ። ሁለተኛውን ዙር ብዙም አላስታውሰውም።

ከዘጠኝ መኪና ሰባተኛ ወጣን። ፔርሙዙን አንድ የቤንዚን መኪና ወሰደው። መካኒኩ ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ብሎኗን መመለሴን እንዳወቀ ገባኝ። አባቴ ወደ ቤት እስክንደርስ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ሦስተኛው በርሜል ላይ ቀድመሽ ነው ማርሽ ያወረድሽው።»

«እሺ።»

በማግስቱ ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁ። ትርፍ ጎማውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ የኋላውን ወንበር አሰርኩ። አቡጀዲው የልብስ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ተውኩት። ሞተሩን አስነሣሁና አባቴን ጠራኋቸው። በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው መጡ።

«አባባ፣ ይስሙልኝ» አልኩ።

ኮፈኑ አጠገብ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ብሎኗን ወደ ነጩ ምልክት ማዞር ጀመርኩ።

«ትንሽ መልሺ» አሉ። «ትንሽ። አሁንም ትንሽ። በቃ።»

ያቆምኩት ነጩ ጋ ጥቂት ሳልደርስ ነበር፤ ጭሱን ዞሬ ሳይ ግን ጠርቷል። ዳዶውን አጠበቅሁ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ወደ ቡሹሎ ነዳሁ።