ነጠላችን በሂደት ላይ ነው

ልጄን ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። ከላሊበላ ብዙም ባልራቀ ግቢ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ከሌሎች ሴቶች ጋር አስገቡኝ። ግድግዳው ያኔም ገብስ ገብስ ይሸት ነበር። በሩ ላይ የሴቶቹን ሁሉ ነጠላ ሰበሰቡ። «ለደኅንነታችሁ ነው» አለ ጠባቂው፤ የእኛው የላስታ ልጅ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ራሴን ሳልከናነብ ጸልዬ አላውቅም። ጥግ ላይ ባዶ ማዳበሪያ አገኘሁና እሱን ተከናነብኩ። ውዳሴ ማርያም ስደግም በተነፈስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

«እመቤታችን እኮ ጸሎቱን ትታ ማዳበሪያውን ነው የምትሰማው» አለች አንዲት ባልቴት። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

ይህን ያየች አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ከመካከላችን ተነሣች። ባነበበችው ዜና ነበር የታሰረችው።

«እናቶቼ፣ ነጠላችሁን አስመልሳለሁ።»

«ለሁላችንም?» አለች ባልቴቷ።

«ለሁላችሁም!»

ከዚያ ወዲያ ጠባቂው ውኃ ሊያስገባ በር በከፈተ ቁጥር የፕላስቲክ ኩባያዋን እንደ ማይክሮፎን አፉ ሥር ትደቅናለች።

«ወንድሜ፣ እናትህ በባዶ ራሷ ትጸልያለች?»

«እናቴን ተይልኝ።»

«አድማጮቻችን መልስህን እየጠበቁ ነው።»

«የምን አድማጭ? ሂጂ ተቀመጪ!»

አድማጮቹ እኛ ከኋላዋ ተደርድረን እንጠብቃለን። በሩን ጠርቅሞ ይሄዳል። በማግሥቱም ያንኑ ትጠይቀዋለች።

አንድ ጠዋት ፊቱን አኮሳትሮ ገባ። ከጃኬቱ ሥር ነጠላ አውጥቶ ሰጠኝ።

«እናቴ ናት የላከችልዎ። ነገሩን ባጫውታት ራት ከለከለችኝ።»

ነጠላው ታጥቦ የተጣጠፈ ነበር፤ ጥለቱ ደብዝዟል። ሳምኩት።

ጋዜጠኛዋ ኩባያዋን አነሣች። «ባደረግነው ያላሰለሰ ጥረት የነጠላ ጥያቄያችን ምላሽ አግኝቷል!»

ባልቴቷ ሌላ ካለ ብላ ነጠላውን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ለሁላችንም አልነበር ያልሽው?»

«የቀረው በሂደት ላይ ነው።»

ያን ጊዜ ይህች ልጅ ሹም እንደምትሆን አወቅሁ።

ያችን አንድ ነጠላ እየተቀባበልን ጸለይን። አንዷ ጸሎት ስታስረዝም ሌላዋ ጫፉን ትጎትታለች። የተፈታሁ ቀን የራሴን ነጠላ አልመለሱልኝም፤ ያችኑ ባልቴቷን አከናነብኳትና ማዳበሪያዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

«ኧረ እማማ፣ ሰው ምን ይላል?» አለኝ ጠባቂው።

«እናትህ የላከችው ለዚህ ቤት ነው። እኔ ቤቴ ሌላ አለኝ።»

በገበያው መካከል አለፍኩ። ያየኝ ሁሉ ዝናብ የመጣ መስሎት ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ነበር።

ልጅቷ ስትፈታ ሬዲዮው መልሶ አልቀጠራትም። ለምርጫ ተወዳደረች፣ ምክር ቤት ገባች፣ ቆይታም ተሾመች። በቅርቡ ከተማችን መጥታ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰበሰበች። ውኃ ይገባል፣ መንገድ ይሠራል አለች። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ።

«የቀረው ነጠላ ከምን ደረሰ?»

ሰው ግራ ገብቶት ዞሮ አየኝ። እሷ ግን ማይክሮፎኑን አስቀምጣ ከመድረክ ወረደችና ጉልበቴን ሳመች።

«በሂደት ላይ ነው፣ እማማ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

ልጄ በሰላም ቤቱ ገብቷል፤ ተመስገን። ስጸልይ ከእሱ አስከትዬ የእሷን የክርስትና ስም እጠራለሁ። የጠባቂውን እናት ስም ግን አላውቅም። «ራት የከለከለችውን» ብዬ አልፋለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃታል።