የእናቴ ክፍልና የጋሽ ምትኩ መኪና

የቤንዚን ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ቢቸና ያለው ቤታችን፣ በተለይም ከግቢው በር አጠገብ ያለው ክፍል ትዝ ይለኛል። ከመኪናዋ በፊት ክፍሉ የሚሸተው አዲስ ጨርቅና የማሽን ዘይት ነበር። እናቴ እዚያ ተቀምጣ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ፣ ቁርጥራጩን እየለቀምሁ አጠና ነበር።

ቤቱ ከአያቴ ለአባቴና ለታላቅ ወንድሙ ለጋሽ ምትኩ የወረደ ነው። ጋሽ ምትኩ ሞጣ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ድርሻቸውንም ጠይቀው አያውቁም ነበር። አንድ በጋ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከአዲስ አበባ የገዟትን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና የሚያስገቡበት አጥተው፣ ስፋቷንና ርዝመቷን በሲባጎ ለክተው፣ ልኩን በቋጠሮ ይዘው መጡ።

ሲባጎውን በክፍሉ ሰፊ ባለሁለት መዝጊያ በር ላይ ወጥረው «ትገባለች። ገና ግማሽ ክንድ ይተርፋል» አሉ።

አባቴ በሩን ተደግፎ «የማን ክንድ ጋሼ? እርስዎ ሲለኩ ድሮም ለራስዎ ይሰፋል» አላቸው።

«አንተ ስትለካ ደግሞ ለእኔ ይጠባል። አባታችን ሲናዘዙ ግማሹ የእኔ መሆኑን እዚሁ ቆመህ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። የመኪና ጋጣ ይሁን ሲሉ ግን አልሰማሁም።»

ያን ቀን ሁለቱም ግድግዳውን በየክንዳቸው ሲለኩ፣ አንዱ ያለውን ሌላው ሲያፈርስ ዋሉ። እናቴ የጀመረችውን ኮሌታ ትሰፋ ነበር፤ እነሱም በየተራ «እስቲ እግርሽን አንሺ» እያሉ ሲባጎውን በማሽኗ ሥር ያሳልፉ ነበር።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደርሶ፣ በበሩ በኩል ያለው ለጋሽ ምትኩ ተወሰነ። ግንቦት ላይ የእናቴ ማሽን ወደ በረንዳ ወጣ፣ መኪናዋም በሞጣ መንገድ ሆዷን ድንጋይ እየፋቀው፣ አቧራ ለብሳ ደረሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ ጋሽ ምትኩ ቀስ እያሉ አስገቧት፤ እውነትም ልክ ገባች። ሞተሩን አጥፍተው ሊወርዱ ሲሉ ግን በሩ ትንሽ ከፈት ብሎ ግድግዳውን ገጨ፣ የወዲያኛውም እንደዚያው ሆነ። ሲባጎው የለካው በሮቿ የተዘጉ መኪና ነበር።

«ገባች አይደል ጋሼ?» አለ አባቴ። «እንግዲህ እዚያው ይረፉ። ምሳ በመስኮት እንሰጥዎታለን።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ምትኩ ወደ ኋላ መመለስን ሽንፈት አድርገው ቆጠሩትና መስኮቱን አውርደው፣ ኮታቸው ኖራ እየለበሰ፣ በጭንቅላታቸው ሾልከው ወጡ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው «እዚሁ ትበሰብሳለች እንጂ አትወጣም» ብለው በአውቶቡስ ወደ ሞጣ ተመለሱ።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በረንዳውን ይገርፈው ነበር። እናቴ ማሽኗን በላስቲክ ሸፍና፣ ሲያባራ ገልጣ ትሰፋ ነበር፤ ዩኒፎርም እርጥብ ሆኖ የደረሳቸው ሰዎችም ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። አባቴ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር «ክፍሌን ቀማኝ» እያለ ወንድሙን ይረግም ነበር። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ፣ አንዱ ድንኳን ሲገባ ሌላው ይወጣ ነበር።

ዘንድሮ እኔ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስሰናዳ፣ ጋሽ ምትኩ ገዥ አግኝተው መኪናዋን አስወጧት፤ ክፍሉም ከዚያ በኋላ አላስፈለጋቸውም። አባቴ ጦርነት እንዳሸነፈ ሰው ወለሉን አሳጥቦ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀብቶ እናቴን «በይ ግቢ» አላት።

እናቴ ክር ወደ መርፌ እያስገባች «ያን ጊዜ ስትለኩ አልጠየቃችሁኝም። ነገም ስትለኩ አትጠይቁኝም። እዚሁ ይሻለኛል» አለችው።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ምትኩን ብቻ እጠላ ነበር፣ አባቴም ለእኛ የሚጣላ ይመስለኝ ነበር። አሁን ማደሪያዬ ውስጥ ጋደም ብዬ ያን ክርክር ሳስታውስ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም «የስፌት ክፍሉ» ሲሉ አልሰማም። እናቴ አሁንም በረንዳው ላይ ናት፤ ነፋስ ዝናቡን ሲያስገባ ማሽኗን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች እንጂ ወደ ውስጥ አትገባም።