ግቢያችን ውስጥ የነበረው ጀልባ

ልጅ እያለሁ ጎንደር ማራኪ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ ሐይቅ በሌለበት ከተማ፣ አንድ የሞተር ጀልባ ነበረን። ይህን ስናገር የሥራ ባልደረቦቼ ይስቃሉ። ያኔ ግን የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ እኛ ቤት ነበር የሚሮጡት። ጀልባው በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ ተቀምጦ፣ አፍንጫውን ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ አዙሮ ዓመታት ኖረ።

አባየ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ይውልና ዓይኑ ቀልቶ፣ አንገቱን እያሸ ይመጣል። ተወልዶ ያደገው ጎርጎራ አጠገብ፣ ጣና ዳር ነው። አባቱ ቄስ ስለነበሩ ደሴት ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ሲሻገሩ በደንገል ታንኳ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ስለ ሐይቁ ሲያወራ ድካሙ ከፊቱ ላይ ሲለቅ ይታየኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ለለቅሶ ወደዚያው ወርዶ ሲመለስ ስለ ጀልባው ነገረን። በማዕበል ሰጥሞ የከረመ፣ በኋላ ሰው ተረባርቦ በገመድ ጎትቶ ያወጣው ነው። አሁን አያ ደሴ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ እጅ ገብቶ፣ ገዢ አጥቶ ተጋድሟል። እማየ እሺም እምቢም አላለችም። መጀመሪያ በዓይኔ ልየው አለች። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከእኔና ከትንሹ ወንድሜ ጋር አራታችንም በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርገን ወረድን።

ጀልባው ሾላ ሥር ነበር። ነጭ የነበረው ሰውነቱ ወይቧል፤ ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለበት፤ ውስጡ ሣር በቅሎበት የደረቀ ጭቃና የዓሣ ሽታ ይሸታል። አያ ደሴ ምንም አልደበቁም። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ስለከረመ እንደማይነሳ ቁጠረው አሉት። አባየ ወደ ውስጥ ገብቶ ወለሉን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ ሲያደርግ ድንገት ሳንቃው ተሰብሮ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። እኔና ወንድሜ ሳቅን። እማየ አልሳቀችም።

ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ ነው የተነጋገሩት። እማየ ስትቆጣ ሳይሆን ስታስብ ድምጿ ዝቅ ይላል።

«ሰውነቱን ትጠግነዋለህ እንበል» አለችው። «ሞተሩ ቢነሳስ መሃል ሐይቅ ላይ እንደማይቆም በምን ታውቃለህ? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? ደግሞ ሐይቁ እዚያ ነው፤ አንተ እዚህ።»

አባየ አልተከራከራትም። እንዲያውም እሷ ያላየችውን ጨመረላት። ወለሉ ከበሰበሰ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላው ሳንቃም ሳይበሰብስ እንደማይቀር፣ ስንጥቁ ከውጭ ትንሽ ቢመስልም እስኪፈለቀቅ ድረስ ውስጡ እንደማይታወቅ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ቢቀር የሚገዛው ሰው እንደማይኖር አንድ በአንድ ነገራት። የቤታችን ሁለተኛ ክፍል ጣራ አልባ ሆኖ ስንት ክረምት እንዳለፈበትም ራሱ አነሳው። ከዚያ «ሁሉንም አውቀዋለሁ» አላት። «እንዲያም ሆኖ ልሞክረው እፈልጋለሁ።»

እማየ አዘዞ እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና ግዛው አለችው። ለምን እሺ እንዳለች ካደግሁ በኋላ ነው የነገረችኝ። ከተጋቡ ጀምሮ ለራሱ ብሎ አንድም ነገር ሲፈልግ አይታው አታውቅም ነበር።

ጀልባው በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ አጥሩ መፍረስ ነበረበት። እኛ ልጆች ያን ቀን ያየነውን ደስታ በየትኛውም በዓል አላየንም። እቃቃችንን ወደ ጀልባው አዛወርን። እኔ ካፒቴን ሆንኩ፤ በዛገው መሪ ባሕር ዳር ደርሰን፣ ኢየሩሳሌም ተሳልመን፣ እራት ሳይቀርብ እንመለስ ነበር። ክረምት ሲገባ ከላይ የለበሰው ሸራ እየተቀደደ ውሃ ይሞላና እንቁራሪቶች ይጮሁበታል።

ለአባየ ግን ጨዋታ አልነበረም። ከሥራ መልስ አሮጌ ሸሚዙን ይለብስና በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ፣ ሲፈገፍግ ይመሻል። ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ሰፍሮ ሽማግሌ ያስመስለዋል። የጀልባው ሰውነት ፋይበርግላስ፣ ከመስታወት ክር የተሠራ ስለነበር ያ ዱቄት ቆዳ ላይ ካረፈ ያሳክካል፤ ልብሱ ከልብሳችን ጋር ታጥቦ ቤተሰቡ ሁሉ ሲፎክት ያደረበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲህ እማየ የእሱን ልብስ ለብቻ በሳፋ ትዘፈዝፍ ጀመር። ወለሉ ሲነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት በእጅ የሚፈርስ ሆኖ ተገኘ። እሱ ሲለወጥ የኋላው ሳንቃ ተራውን ጠበቀ። ሞተሩ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተፈታትቶ ከረመ። ስንጥቁ የሚለጠፍበት ሙጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ፤ ሲመጣ ደግሞ ሽታው ከምግባችን ውስጥ አይጠፋም።

ጎረቤታችን መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በፈረሰው አጥር በኩል ቆም ብለው ያዩታል። አንድ ቀን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ኖኅ እንኳ የጥፋት ውሃ እንደሚመጣ ተነግሮት ነው የጀመረው። ለአንተ ማን ነገረህ?»

አባየ ከልቡ ሳቀ። በዚያ ዘመን ሲስቅ የማስታውሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጀልባው ሲመጣ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ወደ ሐይቁ ሲመለስ ሰባተኛ ጨርሼ ስምንተኛ ጀምሬአለሁ። ልጆቹ መምጣት ትተው ነበር፤ እኔም እሱ ላይ መቀመጥ አሳፍሮኝ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ጎርጎራ ወሰድነውና ውሃ ላይ አረፈ፤ ተንሳፈፈ። ሞተሩ ብዙ አስለመነ፤ በመጨረሻ ግን አጓርቶ ተነሳ። አራታችንም ተሳፈርን። ሐይቁ እንደ መስተዋት ነበር። አባየ መሪውን ይዞ፣ ሩጫችን የሚያመጣው አየር ሸሚዙን ሲነፋው፣ ደሴቷን በጣቱ እያሳየን አባቱ ታንኳውን የሚያስሩበትን ቦታ ነገረን። ድምፁ የሌላ ሰው፣ የልጅ ድምፅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ማዕበሉ የኋላውን ሳንቃ ሲመታው በሞተሩ ማሰሪያ በኩል ውሃ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ እግራችንን አረጠበው፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚታችን ጋ ደረሰ። ሞተሩ አስነጠሰና ጠፋ። እማየ የልብስ ሳፋዋን ከመቀመጫው ሥር አወጣች፤ ለምን ይዛው እንደመጣች አልጠየቅንም። እሷ ውሃ ስትቀዳ፣ አባየ የሞተሩን ገመድ ሲስብ፣ እኔ ወንድሜን አቅፌው ነበር። ልብሱ ላይ የሚመታው የልቡ ምት ዛሬም እጄ ላይ አለ። ነፋሱ ወደ ደንገሉ ገፋን፤ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ መጥተው እስከ ዳር ጎተቱን።

አባየ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። እጁ ገመዱ ልጦት ይደማል። «ልጆቼን ይዤ...» አለ። ቀጥሎ «ደከመኝ» አለ። ያን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እማየ ነጠላዋን እየጨመቀች አጠገቡ ተቀመጠች። ነግሬህ ነበር ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ሄደ እኮ» አለችው። «በዓይኔ አየሁት።»

ጀልባውን እዚያው ለዓሣ አጥማጆቹ ተወላቸው። ሞተሩን አውልቀው፣ በመቅዘፊያ እየቀዘፉ መረብ የሚጥሉበት አደረጉት ሲባል ሰማን። አጥራችን ተጠገነ፤ የሁለተኛው ክፍል ጣራም ዘግይቶ ተመታ።

አሁን እኔ ያኔ አባየ በነበረበት ዕድሜ ላይ ነኝ። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ማታ ጫማዬን አውልቄ ስልኬን እያየሁ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። እሱ ከዚያ ሁሉ ሥራ በኋላ አሮጌ ሸሚዙን የሚለብስበትን ጉልበት ከየት ያመጣው እንደነበር አይገባኝም። እኔም እንደሱ ደክሞኛል፤ ግቢዬ ውስጥ ግን ምንም የጀመርኩት ነገር የለም።

እማየ ካረፈች ወዲህ አባየ ብዙ አያወራም። በቅርቡ ወንድሜ አንድ ሰጥሞ የወጣ የሞተር ጀልባ ጎርጎራ ላይ እንደሚሸጥ ሰምቶ፣ ሊገዛው አስቦ አባየን ሊያማክር መጣ። የዛሬ ሰው ነውና ሁሉን አጥንቶታል። የእያንዳንዱን ስንጥቅ ፎቶ አንስቷል፤ የጥገናውን ቪዲዮ አውርዷል፤ መለዋወጫው የሚታዘዝበትን ቦታ ሁሉ ያውቃል። አባየ መነጽሩን አድርጎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ስለ ወለሉም፣ ስለ ኋላው ሳንቃም አልጠየቀውም።

«ሚስትህ ምን አለች?» አለው።

ወንድሜ ገና እንዳልነገራት ተናገረ። አባየ ስልኩን መለሰለትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳንም። ባለፈው እሁድ ግን ስደውልለት ወንድሜ ስልኩን አላነሳም፤ ያነሳችው ሚስቱ ነበረች። «ጎርጎራ ነን» አለችኝ፤ «እሱ ጀልባው ውስጥ ገብቶ ወለሉን እየረገጠ ነው፤ እኔ ዳር ቆሜ እያየሁት ነው።»